በገብስ ማሳ መሃል ስላለው የድንጋይ ክብ፦ ለፈንጂ ማምከን ሥራ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአገራችን የፈንጂ ማምከን ሥራን ለምትመሩ፣ ለመከላከያ ሚኒስቴር፣ ለብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ የክልልና የወረዳ ኃላፊዎች በሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔ የገጠር መምህር ነኝ። የማስተምረው ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ከጋሸና ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። የቀበሌዬን ስም ትቼዋለሁ። የሰውም የመሥሪያ ቤትም ስም አልጠራም። የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን መልስ ስላጣሁ ነው።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው ቁልቁለት አንድ የገብስ ማሳ አለ። በማሳው መሃል ባለቤቱ ድንጋይ በክብ ደርድረዋል፣ እሾህ ከምረዋል፣ አንድ ዘንግ ተክለው ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረዋል። ጨርቁን ፀሐይ በልቶት ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። በክቡ ውስጥ ያልፈነዳ የሞርታር ጥይት አፍንጫውን መሬት ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። ከላይ የሚታየው ጭራው ብቻ ነው። ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ማሳውን ሲገምሱ ነው። ሣር ውጦት ነበር። ማረሻው ቀጭ ሲልባቸው ድንጋይ መስሏቸው ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው ሊነካው ጥቂት ሲቀር ነው ያወቁት።

እኛ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሰው ከዚያ ወዲህ የሚያርሱት ዙሪያውን ነው። በሬዎቹም ለምደውታል። ክቡ ጋ ሲደርሱ ያለ ጅራፍ ይታጠፋሉ። አሁን አራተኛው ክረምት እየገባ ነው።

ጋሼ ጥይቱን ባገኙ ዕለት ለቀበሌ ነገሩ። ቀበሌው ለወረዳ ነገረ። ወረዳው ደብዳቤ ጻፈ። ከወራት በኋላ አንድ ሰው መጣ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ «እንዳትነኩት» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። እኔም ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» ተባልኩ። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ስጠይቅ ግን የሚያነጋግረኝ ሰው ራሱ ግራ ገባው። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦልኛል፣ እስከ መጨረሻው አዳምጦኛል። የቸገረው የሚደውልበት ቁጥር ማጣቱ ነው።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ አንድ ነገር ነው። ሰው አይቶ ከነገራችሁ ቀን አንስቶ ባለሙያ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ አሳጥሩልን። አገሩን በሙሉ ባንድ ዓመት አጽዱ አላልኩም። እንደማይቻል አውቃለሁ። የምለው ቦታው ስለታወቀው፣ ሰው ስላመለከተው፣ ዙሪያው ድንጋይ ስለተደረደረበት ነው።

ብዙ ሰው ፈንጂ ሲባል በመደዳ የተቀበረውን ያስባል። እሱን ማጽዳት በእርግጥ ረጅም ሥራ ነው። አንድ አምካኝ የፊት መከለያና ከባድ ሽርጥ ለብሶ፣ ተንበርክኮ፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ ብረት መፈለጊያውን እያንቀሳቀሰ ይሄዳል። መሣሪያው በጮኸ ቁጥር ይቆማል፣ አፈሩን በጎን በኩል ቀስ ብሎ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሚስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሚስማር እንደ ፈንጂ ይጠነቀቃል። በቀን ስንት እርምጃ እንደሚሄድ አስቡት። የተባበሩት መንግሥታት ለዓመታት ሲጠቅሰው በኖረው ስሌት፣ አንድ ፈንጂ ለመሥራት ከ3 እስከ 30 ዶላር ሲበቃ ያንኑ ፈንጂ ለማውጣት ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ይወጣል።

የእኛ ቀበሌ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚህ ያለው በብዛት ተተኩሶ ያልፈነዳ ወይም ተጥሎ የተሄደ ነው። የሞርታር ጥይት፣ የእጅ ቦምብ፣ የአርፒጂ፣ የፀረ አውሮፕላን መድፉ የዙ-23 ጥይት። አንድ የሠለጠነ ቡድን ይህን መሬት ቆፍሮ ማሰስ አይጠበቅበትም። ቦታው ይታወቃል። ይመጣል፣ ሰውና ከብት ያርቃል፣ አጠገቡ ትንሽ ፈንጂ አድርጎ በአሸዋ ጆንያ ከልሎ እዚያው ባለበት ያፈነዳዋል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጋሼ ለዚህ ግማሽ ቀን ነው ሦስት ዓመት ያለፋቸው።

ጊዜ ሲሄድ የሚቀል ደግሞ አይደለም። ሰዎች «ዝጓል፣ ሞቷል» ይላሉ። እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የተተኮሰ ጥይት ለምን ሳይፈነዳ እንደሚቀር ያስረዳኝ የቀድሞ ወታደር የሆነ ዘመዴ ነው። ክረምት ላይ የወደቀ ሞርታር ጭቃው ለስላሳ ሆኖ ይቀበለዋል፣ ስለዚህ መምቻው በበቂ ኃይል አይመታም። ግን ከአፈሙዙ ሲወጣ ደህንነቱ ተከፍቷል። ጉዞውን ጨርሷል፣ የቀረው አንድ ምት ብቻ ነው። ያንን ምት ዶማ ሊሰጠው ይችላል፣ የበሬ ኮቴ ሊሰጠው ይችላል፣ ከሥሩ የነደደ ሣር ሊሰጠው ይችላል። ዝገት የውስጡን ባሩድ አያጠፋውም። እንዲያውም ይዞት የነበረውን ሽቦና ስፕሪንግ ይበላውና የት ላይ እንደሚለቅ የማይታወቅ ያደርገዋል።

መሬቱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አገራችን ተዳፋት ነው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚወርደው፤ የእጅ ቦምብማ ምን አላት። አምና ከላይ ምሽጉ ጋ የነበረ ነገር ዘንድሮ ታች ወንዙ ዳር ሊገኝ ይችላል። ቦስኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የጣለው ከባድ ዝናብ በጦርነቱ ዘመን የተቀበሩ ፈንጂዎችን ከምልክታቸው ጋር ነቅሎ ወስዷል። ጦርነታቸው ካበቃ ወደ 20 ዓመት ሊጠጋው ነበር። ምልክት የተደረገበት ቦታ ራሱ ምልክቱን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል።

አሁን በ2015 ዓ.ም. በክፍሌ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አራተኛ ክፍል ገብቼ ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። ከኋላ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ልጅ ከፌስታሉ ያወጣውን ነገር በእስክሪብቶ እየመታ ለጓደኛው ያሳየዋል። የጣት ውፍረት ያለው የሚያብለጨልጭ ቱቦ ነው። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ገባኝ። ድምፄን እንዳላሳድግ ራሴን ያዝኩት። «እሱን ቀስ አድርገህ ዴስኩ ላይ አስቀምጠውና ና» አልኩት። አስቀመጠው። ሌሎቹን በተርታ አስወጣኋቸው። ስድሳ ሁለት ልጆች። በር ላይ ቆሜ ስቆጥር ከንፈሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የቀበሌው ሚሊሻ ተጠርቶ መጣ። አየውና የእጅ ቦምብ ማፈንጃ እንደሆነ ነገረን። ብቻውንም ቢሆን እጅ እንደሚቆርጥ፣ ዓይን እንደሚያጠፋ ነገረን። ከዚያ በእጁ አነሳው፣ ኪሱ ከተተው፣ ወንዝ ውስጥ ልጣለው ብሎ ሄደ። ልጆቻችን ውኃ የሚቀዱበት ወንዝ ነው። እሱን አልወቅሰውም። ከዚህ የተሻለ ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው አልነበረም፣ እኔም አላውቅም ነበር፣ እና ሰውየው የራሱን ጭን ለአደጋ ሰጥቶ ነው ልጆቻችንን ያራቀልን።

ልጁን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። «ከምሽጉ» አለኝ።

ስለ ምሽጉ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሩቅ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ልጆቹ ለድፍረት ብለው የሚሄዱ ይመስለዋል። አይደለም። አገራችን ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ምሽጉ ጎድጓዳ ስለሆነ ነፋስ አይገባበትም። ከብት የሚጠብቁ ልጆች እዚያ ውስጥ ገብተው ነው የሚሞቁት። እሳት ያነዱበታል። እሸት ይጠብሱበታል። ቀለህም ይለቅማሉ። ባዶ ቀለህ ብረትና ነሐስ ነው፣ ቁራሌው በኪሎ ይገዛል። ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዙበት ገንዘብ ነው። ታዲያ «ምሽግ እንዳትሄዱ» ብቻ ብላቸው ብርዱንም ድህነቱንም ረስቼ ነው የምናገረው።

እኔም ያስተማርኩት ነገር አለ፣ ሳላስበው። የትምህርት ቤታችን ደወል የመድፍ ቀለህ ነበር። በገመድ ተንጠልጥሎ ጠዋት ጠዋት በብረት እንመታዋለን። ድምፁ እስከ ማዶ ይሰማል። ባዶ ነው፣ አይፈነዳም። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ባዶውን ከሙሉው በምን ይለያል? መምህሩ በየቀኑ የጦር ብረት ሲቀጠቅጥ እያየ እሱ ለምን አይቀጥቅጥ? ከዚያ ቀን በኋላ አወረድነው። አሁን የምንመታው የመኪና ቸርኬ ነው። ድምፁ እንደ ድሮው አይርቅም፣ ልጆቹም ያረፍዳሉ፣ ይሁን።

በጎረቤት ቀበሌ እንደኛ ዕድለኛ አልነበሩም። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሦስት ጣቶቹንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። ጎበዝ ተማሪ ነበር ይሉኛል። አሁን በግራ እጁ መጻፍ እየተማረ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ገና አልለመደውም ብዬ እታገሥ ነበር። ግን አዲስ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ፣ ከ1969ና 70 የሶማሊያ ጦርነት፣ ከደርግ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት የተረፈ ብረት በዚህ አገር አፈር ውስጥ ተደራርቧል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በፈንጂና ባልፈነዱ ተተኳሾች የተጠቁ 1,492 ማኅበረሰቦች ተመዝግበዋል። ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ስጋት ውስጥ ይኖር ነበር። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። አምካኞች ሠለጠኑ። የሚያሸቱ ውሾች፣ መሬት የሚያዘጋጁ ማሽኖች ነበሩ። ብዙ መሬት ነፃ ወጥቶ ለገበሬ ተመልሷል። ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች እግዜር ይስጣቸው። የምለው ሙያው በአገራችን ነበረ፣ ዛሬም አለ፣ ከዜሮ የምንጀምር አይደለንም ነው።

ኢትዮጵያ የፀረ ሰው ፈንጂ ክልከላ ስምምነትን ኦታዋ ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1997 ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 አጸደቀችው። መሬቷን አጽድታ እንድትጨርስ የተሰጣት ጊዜ እ.ኤ.አ. 2015 ነበር። ወደ 2020 ተራዘመ። እንደገና ወደ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። ይህን ስጽፍ ያ ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶታል። በመሃል ደግሞ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ ጦርነት ተነሣ፣ አሮጌው ሳይጸዳ አዲስ ተጨመረበት። ዛላምበሳና ኢሮብ በኩል ያለ ሰው ከኤርትራ ጦርነት የተረፈው ሳይወጣለት ሌላ ተደርቦበታል። በአፋር በኩል ጭፍራና ካሳጊታ የከበደ ውጊያ ነበር። እኛ ጋ ጋሸና ላይ ለወራት ምሽግ ተቆፍሮ ተተኳኩሰውበታል። ቆቦ ላይ ደግሞ ነሐሴ 2014 እንደገና ተጀመረ። የትግራይ እናት፣ የአፋር እናት፣ የወሎ እናት ልጇ ከብት ሊጠብቅ ሲወጣ የምትፈራው ነገር ያው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም ፈንጂ መቅበርን በስም ጠቅሶ ከልክሏል። የተቀበረውንና የተጣለውን የማውጣቱ ሥራ ግን ለእኛ የሚታይ ሆኖ አልደረሰንም።

እዚህ ላይ ለብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን የምለው አለኝ፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርገውም በዚህ ነው።

አምና ከወልድያ ወደ ጋሸና በሚኒባስ ስመጣ አጠገቤ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ብዙ አያወራም። አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ መስኮቱን እያየ «እዚያች ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ሣጥን ትተን ሄደናል» አለኝ። መዋጋቱን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከየትኛው ወገን እንደነበረ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። «ለምን አትናገርም?» አልኩት። «ለማን?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ብናገርስ እኔኑ ይይዙኝ ይሆናል» አለ። ጋሸና ላይ ወርዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ኩርባ ባለፍኩ ቁጥር ባሕር ዛፏን አያለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ግን በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ምክንያቱም እዚያ ኩርባ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ አንድ አይደለም።

ኮሚሽናችሁ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሊመልስ ተነሥቷል። በትግራይ ኅዳር 2017 ላይ የመጀመሪያዎቹን 75 ሺህ ለመቀበል ሥራው ተጀምሯል። ሰው ተመዝግቦ መሣሪያውን ያስረክባል፣ ሥልጠናና መቋቋሚያ ገንዘብ ይቀበላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እባካችሁ ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። የት ምሽግ ነበርክ? ስትለቁ ምን ትታችሁ ሄዳችሁ? የቀበራችሁት ነገር አለ? ካርታ ከፊቱ ዘርጉለትና በጣቱ ያሳይ። ቃሉን ስለሰጠ እንደማይጠየቅበት በጽሑፍ አረጋግጡለት። አለዚያ አይናገርም፣ እኔም ብሆን አልናገርም።

ይህን የምታውቀው የዚያ የሚኒባሱ ልጅ ጭንቅላት ናት እንጂ የትኛውም መዝገብ አይደለም። ልጁም ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ይሻገራል፣ ሳዑዲ ይደርሳል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ይረሳል። ሰው የጦርነት ነገር መርሳት ይፈልጋል። ወደ ውጭ የወጣችሁ የቀድሞ ተዋጊዎችም ትኖራላችሁ፤ ይህን ካነበባችሁ ለምትቀርቡት ሽማግሌ፣ ቄስ ወይም ሼህ ንገሩ፣ የቦታውን ስም ብቻ ብትሉም ይበቃል።

የስልክ ቁጥሩን ነገር ልመለስበት። የምንፈልገው አንድ አጭርና ነፃ ቁጥር ነው። በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በአፋርኛም፣ በኽምጣኛም የሚያነሳ ሰው ያለበት። ገበሬ ሲደውል ቦታውን ጠይቆ፣ የመለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ በስንት ቀን ሰው እንደሚመጣ የሚነግር። ካልቻላችሁም «ሁለት ወር ይፈጃል፣ እስከዚያ እንዲህ አድርጉ» ይበል። ገበሬ ክረምትን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ሁለት ወር አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው መቼም እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። ሳያውቅ ሲቀር ራሱ ያነሳዋል። ጋሼ እንኳ አምና «በረጅም ገመድ አስሬ ልጎትተው» ብለው ነበር። ሽማግሌ ጠርተን ለምነን ነው ያስቆምናቸው። ዘንድሮ እንደገና ቢሉ ምን ብዬ እንደምለምናቸው አላውቅም።

ሞዛምቢክን አስባለሁ። የእርስ በርስ ጦርነታቸው እ.ኤ.አ. በ1992 አበቃ። ያኔ ፈንጂያቸው በመቶ ዓመትም አያልቅም የሚል ብዙ ነበር። መንደር ለመንደር እየዞሩ፣ ሽማግሌ እየጠየቁ፣ ከሰውና ከማሽን ሌላ ታንዛኒያ ውስጥ የሠለጠኑ ትልልቅ አይጦች ሳይቀር እያሰማሩ ሠሩ። አይጧ ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ፈንጂው አይነሣባትም፣ ባሩዱን አሽታ በእግሯ ትጭራለች፣ ሰውየው ምልክት ያደርጋል። ሴፕቴምበር 2015 ላይ የሚታወቅ ፈንጂ የለብንም ብለው አወጁ። ድሃ አገር ነው፣ እንደኛው።

በትምህርት ቤት በኩል ያለው ደግሞ ቀላሉ ነው፣ እኛ መምህራን እንሠራዋለን። የዓለም የፈንጂ ግንዛቤ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 26 ነው። ሰባት ዓመት አስተምሬ መኖሩን የሰማሁት አምና ነው። የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ፖስተር ብቻ አትላኩልን። የራስ ቅል የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይም አለ፣ ልጁ መብራት ይመስለዋል። በእርግጥ በየአካባቢው የሚገኘውን ነገር ፎቶ ላኩልን፦ ዝጎ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ግማሹ ተቀብሮ፣ ልጁ እንደሚያየው ሆኖ። ሚሊሻውንም አንድ ቀን አሠልጥኑት። በእጁ እንዳያነሳ፣ ወንዝ እንዳይጥል፣ ከልሎ እንዲጠብቅ። የብረት ነጋዴውንም እንዲሁ። ቁራሌው ፈንጂ የሚመስል ነገር አልገዛም ቢል ልጁ አይለቅምም። ለብረቱ የሚከፈለው ገንዘብ ካልቀረ ምክራችን ብቻውን ዋጋ የለውም።

የተጎዱትንም አትርሱብኝ። እግሩን ያጣ ልጅ ያድጋል፣ ሰው ሠራሹ እግር ግን አብሮት አያድግም። በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት መቀየር አለበት። ለዚህ ደሴ ድረስ ወይም መቀሌ ድረስ መመላለስ ነው። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ ልጁን ይዞ የሚሄደው አባት ሥራ የፈታበት ቀን ሲደመር ብዙ ቤተሰብ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ይተወዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ የአካባቢ ተወላጅ ማኅበራት ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ እንደምታዋጡ እናውቃለን፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን የመጓጓዣ ገንዘብ ብትሸፍኑ አንድ ልጅ ክራንች ጥሎ ይራመዳል። ብዙ ብር አይጠይቅም፣ በየዓመቱ ሳይቋረጥ መምጣት ግን አለበት።

በክልላችን ከ2015 ክረምት ወዲህ እንደገና ተኩስ እንዳለ አውቃለሁ። ባለሙያ ብንልክ መንገድ ላይ ምን ይገጥመዋል ብላችሁ እንደምትሰጉም ይገባኛል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ብቻ አይደለም። ጠመንጃ ለያዛችሁ ሁሉ ነው፣ የመንግሥት ለሆናችሁም፣ በጫካ ላላችሁም። ፈንጂ ሊያመክን የሚመጣ ሰው የማንም ወገን አይደለም። አሳልፉት። ለክትባት እንደሚመጣ ሰው ቁጠሩት። ዛሬ የምትቀብሩት ወይም ጥላችሁ የምትሄዱት ደግሞ ነገ የራሳችሁ እህት ጭራሮ ስትለቅም የምታገኘው ነው።

ጋሼ ዘንድሮም ዙሪያውን አርሰዋል። ገመሳውና አይማው አልቋል፣ የቀረው ዘር ነው።

የቀበሌያችን ስም ከወረዳው በተላከላችሁ ደብዳቤ ላይ አለ። ከወልድያ ወረታ መንገድ ወርዳችሁ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መኪና እስከ ትምህርት ቤቱ ይገባል፣ ሐምሌ ከገባ ግን ጭቃው ስለማያሳልፍ ከዚያ በፊት ብትመጡ ይሻላል። ትምህርት ቤት ቢዘጋም እኔ አለሁ። ቅዳሜም እሑድም ቢሆን መንገዱን አሳያችኋለሁ። ጨርቁን ትናንት በአዲስ ቀይ ቀይረነዋል፣ ከሩቅ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰሜን ወሎ መምህር
ሰኔ 2017 ዓ.ም.